ፋንታዬን የገደላት ሰው

በጋሽ ዘውዴ ለቅሶ ላይ፣ ከፎቶው ጎን፣ በአበባውና በሻማው መሀል አንዲት የፕላስቲክ ዳክዬ ተቀምጣ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ማሪዬታ ወዳለው የቀብር አዳራሽ የገባ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ያይና ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ቀጥሎ ዳክዬዋን ያይና ከንፈሩ እንደተመጠጠ ይቀራል። በመጨረሻ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ታፈሰ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣

«ፋንታዬ፣ አንዱ ልጅ አሻንጉሊቱን ረስቶ ሄዷል መሰለኝ። ሰው እያየ ነው፤ አንሺልን እስቲ» አሉኝ።

«አይነሳም» አልኳቸው።

«ለምን? ምንድን ነው እሱ?»

«እኔ ነኝ።»

አቶ ታፈሰ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሄደው ውሃ አመጡልኝና «አይዞሽ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፤ ቀስ ብለሽ ጠጪ» አሉኝ። እኔም ጠጣሁ። ቆሜ ላስረዳቸው ብል ቀብሩ ያመልጠን ነበር።

እዚህ ግን ላስረዳ። ፋንታዬ እባላለሁ። ዳክዬዋም ፋንታዬ ትባላለች፤ ሆዷ ሥር በልጅ እጅ፣ በጥቁር ማርከር ተጽፎባታል። ግራ ክንፏ የጥይት ፍንጣሪ በሳስቶታል። የበሳት ሰው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ነፍሱን ይማር። እኛ ጴንጤዎች «ነፍስ ይማር» አንልም። ጋሽ ዘውዴ ግን እኔን ለማናደድ ሲል በየለቅሶው ጆሮዬ ሥር እየደጋገመ አስለምዶኝ፣ ይኸው ለራሱ ወጣልኝ።

መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ሶልያና ናት። ዲኬተር ባለው የአረጋውያን ቤት፣ ሥራዬ ላይ፣ ለአንዲት አሮጊት ምሳ እያበላሁ ነበር። ስልኩን ሳነሳ «ፋንትዬ፣ ዳዲ አልነሳም አለኝ» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ መጣብኝ። ከሌሊት ሺፍት ገብቶ ተኝቷል። ጠዋት ወደ ኮሌጅ ስትወጣ በበሩ አየችው፤ ብርድ ልብስና ሁለት እግር። ስትመለስም ያው ብርድ ልብስና ሁለት እግር። «ተኝቶ ነው የመሰለኝ። ሁሌም እንደዛ ነው እኮ የሚተኛው» እያለች ደጋገመችብኝ።

ይሄ «ብርድ ልብስና ሁለት እግር» የሚባለው ነገር የራሱ ታሪክ አለው።

ከጋሽ ዘውዴ ጋር ዲኬተር ውስጥ በአንድ አፓርትመንት ግቢ በር ለበር ኖረናል። ከሚስቱ ከሙሉ ጋር ዲቪ ደርሷቸው መጡና ሶልያናንና ናታንን እዚሁ ወለዱ። ዘግይቶ ነው የወለደው፤ ናታን ዳዴ ሲል የአባቱ ጠጉር ገብስማ ነበር። አዲስ አበባ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። እዚህ ደግሞ ደንዉዲ በሚባል ሰፈር የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፓርኪንግ ሌሊት ሌሊት ይጠብቃል። ሙሉ ሆስፒታል ቀን ቀን ትሠራለች፤ ቅዳሜም አይቀራት። ባልና ሚስቱ የሚገናኙት ደረጃ ላይ ነው፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ።

«እንዴት ነህ ጋሽ ዘውዴ?» ከተባለ መልሱ አንድ ነው። ሱሪውን በሁለት እጁ ወደ ላይ ይስብና «ቆሜያለሁ» ይላል። ከባድ ነገር ሊናገር ሲልም መጀመሪያ ሱሪውን ይስባል። ሱሪው ግን አንድም ቀን ወርዶ አይቼ አላውቅም። እኔን «እህት ፋንታዬ» ይለኛል፤ «እህት» የምትለዋን እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየጎተተ፣ ለማብሸቅ። እኔም ጾም በያዘ ቁጥር «ዛሬስ ዘይት ስንት ጠርሙስ ጾምክ?» እለዋለሁ። እንደዚህ እየተነካከስን ነው የተዋደድነው።

ደፋር ሰው አልነበረም። ይሄን በማለቴ አጥንቱ አይወቅሰኝም። ለፋሲካ የሐበሻ ወንዶች ተሰባስበው ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ በግ ሲያርዱ ጋሽ ዘውዴ እግር ያዥ ነው። እግሩን ጭምድድ አድርጎ ይይዝና ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ መኪኖቹ ያዞራል። ቢላዋ ሲሰጡት «እኔ በቡራኬው ልርዳ» ይላል። እውነትም «በስመ አብ» የሚለው ድምፁ እርሻውን አልፎ አውራ ጎዳናው ላይ ይሰማል። ወንዶቹ ስም አውጥተውለታል፤ «ሊቀ ባራኪያን»።

ሶሊ የምንላት ሶልያና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አስተማሪዋ «አባታችሁን ሳሉ» አለቻቸው። ሥዕሎቹ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፉና ወላጅ ተጠራ። ሙሉ ሥራ ላይ ስለነበረች፣ ጋሽ ዘውዴም ከሺፍት ወጥቶ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሊሄድ ስለሆነ፣ መንዳቱን ለእኔ ሰጡኝ። ከሶሊ ሥዕል ጎን የተለጠፈው የጓደኛዋ ነው። አባቷ ሐይቅ ውስጥ ቆሞ፣ ጠመንጃ ይዞ፣ ልጅቷ አጠገቡ ቆማ፣ በላያቸው ዳክዬዎች ሲበሩ። በየዓመቱ አብረው እንደሚያድኑ ከሥሩ ጽፋበታለች። የእኛዋ ሶሊ የሳለችው ቡናማ ብርድ ልብስ ነው። ከብርድ ልብሱ ጫፍ ሁለት እግር ወጥቷል። አንዱ ካልሲ ተቀዷል።

ጋሽ ዘውዴ ቀረብ ብሎ አየው። «ይሄ ማነው?»

«አንተ ነሃ፣ ዳዲ።»

«ጭንቅላቴስ?»

«ከብርድ ልብሱ ሥር ነው። ላይክ፣ አለ፣ ግን አይታይም።»

ሳቀ። አስተማሪዋን አመሰገነ፤ ልጁን ግንባሯን ሳማት። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባን። ግቢያችን ልንደርስ ስንል «ፋንታዬ» አለኝ፤ «እህት» የምትለዋን ትቶ። «እኔ ነገ ብሞት እኮ እነዚህ ልጆች የሚያስታውሱት ብርድ ልብስ ነው።»

ማጽናናት አላውቅበትም። «እንግዲህ ኦፍ ስትሆን ፓርክ ውሰዳቸው፤ አይስክሬም አብላቸው» አልኩት።

«አይስክሬምማ ማንም ያበላል» አለና ሱሪውን ሳበ። ቀበቶ አስሮ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሱሪ መሳብ ከባድ ነው፤ እሱ ግን ሳበው። «ዳክዬ አደን ነው የምወስዳቸው።»

እስክፈርስ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሰውየው ቆርጧል። የአደን ትምህርቱን ኦንላይን ወሰደ፤ ላይሰንሱን አወጣ። አብሮት ሌሊት የሚሠራ ሬይ የሚባል የማሪዬታ ሽማግሌ ነበር። አሜሪካዊ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ያደነ። ጠመንጃውን፣ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪውንና አንድ ጆንያ የፕላስቲክ ዳክዬ አዋሰው። ዳክዬዎቹ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ በሰማይ የሚያልፉት እውነተኞቹ ዘመድ መስሏቸው ይወርዳሉ። ሬይ አተኳኮስ አስተምሮት ሲያበቃ «ልጆቹን ከኋላህ አድርግ። የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ አፍህን ዝጋ፣ ዓይንህን ክፈት» አለው። እኔ ይሄን ስሰማ የተገላቢጦሽ እንደሚሆን ጠርጥሬያለሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ የመብል ነው። ዳክዬ እንደማይበላ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ ጴንጤ ሆነን እንኳ እኛ ቤት አይገባም። ጋሽ ዘውዴ ንስሐ አባቱን ጠየቀ። እሳቸውም «ልጄ፣ ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ነው፤ አይበላም። ደግሞስ የነቢያት ጾም ገብቶ የለም እንዴ?» አሉት። ደስ ብሎት ተመለሰ። «በቃ፣ አንበላም! እንግዲህ ጾሙም አይፈርስም» አለን። የወደቀችውን ለሬይ ሊሰጥ ወሰነ። ግን አንድ ነገር ከነከነው። በጥይት የወደቀች ወፍ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሶ ባርኮ ማረድ አለበት፤ አለዚያ ጥንብ ናት። ስለዚህ ቢላዋ ተሳለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለማንበላው ለምን ትባርካለህ?» አልኩት።

«የማንበላው እሷ አጥፍታ ነው እንዴ?» አለኝ።

ቀጥሎ ዳክዬዎቹ ስም ወጣላቸው። ልጆቹ ገንዳ ውስጥ እያንሳፈፉ ሲጫወቱ ጋሽ ዘውዴ በእድሩ ኮሚቴ ስም ሰየማቸው፤ የእድሩን ሰዎች ስም በዚያው እንዲያጠኑ ነው አሉ። ጭንቅላቱ አረንጓዴው፣ ደረቱን የነፋው፣ ግን ሚዛን አጥቶ በየጊዜው በአፍንጫው ውሃ ውስጥ የሚደፋው አቶ ታፈሰ ተባለ። ቡናማዋ ሴት ዳክዬ ከሁሉ ትበልጣለች። «ከዳክዬ ሁሉ ድምፀ ትልቅ ሴቷ ናት» ብሎ ሬይ ስለነገራቸው ያለ ምንም ክርክር ፋንታዬ ተባለች። ሶሊ ሆዷ ሥር ጻፈችበት። ይሄን ስድብ ውጬዋለሁ።

የዳክዬ ጡሩምባውስ! ያቺን በአፍ የሚነፏትን መጥሪያ አባትና ልጆች ተራ ገብተው ከሰዓት ከሰዓት ይነፏታል። ከሁሉ የተካነው የስድስት ዓመቱ ናታን ነው፤ ዓይንህን ብትጨፍን ዳክዬ ነው የምትለው። አንድ ቀን የአፓርትመንቱ ቢሮ በራቸው ላይ «ያልተመዘገበ እንስሳ በቤታችሁ እንዳለ ተደርሶበታል፤ ቀርባችሁ የእንስሳ ክፍያ ፈጽሙ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ጋሽ ዘውዴ ናታንን ይዞ ቢሮ ገባ። «እንስሳው ይሄ ነው» አለና ናታንን አስነፋው። ማናጀሯ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። ወረቀቱ ተነሳ።

ቅዳሜው ደረሰ። ሙሉ ወደ ሥራ ስትወጣ እጄን ጨብጣ «ፋንትዬ፣ አደራ፤ ሦስቱንም ታመጪልኛለሽ» አለችኝ። ጆንያው በእሱ መኪና ስለማይገባ የሄድነው በእኔ ቫን ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ከማሪዬታ ወደ ሰሜን ካለ ሐይቅ ደርሰን ፓርክ አደረግኩ። ጋሽ ዘውዴ የጎማውን ሱሪ ለበሰ። ሱሪው በማንገቻ ተሰቅሎ ደረቱ ላይ ስለደረሰ የሚስበው ነገር አጣ። ሁለት ሦስት ጊዜ እጁን ወደ ወገቡ ሰድዶ በባዶ መለሰው። ያን ቀን የፈራሁት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።

ዳክዬዎቹን ውሃው ላይ በትነን፣ ከሸምበቆ የተሠራ መደበቂያ ውስጥ ገባን። ዝም ተባለ። ዝምታው ብዙ አልቆየም፤ ናታን በኪሱ ቆሎ ይዞ ኖሯል። ቆሎ በእንዲያ ያለ ጸጥታ ሲቆረጠም ጠጠር መንገድ ላይ መኪና የሚሄድ ነው የሚመስለው።

«ናቲ፣ አቁም» አለች ሶሊ። «ዳዲ፣ በረደኝ። ላይክ፣ በጣም። መኪና ውስጥ ልሂድ?»

ጋሽ ዘውዴ ልጁን አያት። ብርድ ልብሱ በዓይኑ ላይ ሲያልፍ አየሁት። «ትንሽ ብቻ፣ የኔ እናት። አሁን ይመጣሉ» አለ፤ እየለመናት ነበር።

ሲነጋጋ፣ ከሐይቁ ማዶ ሌላ መደበቂያ ውስጥ አንድ ነጭ አባት ከልጁ ጋር ተቀምጦ አየን። ይሄኔ ነው ችግሩ። ጋሽ ዘውዴ ሰው አይቶ ሰላም ሳይል ማለፍ አይችልም። ታገለ፤ እግዜር ያውቃል ታገለ። ከዚያ ብድግ አለ።

«ጉድ ሞርኒንግ ሰር! ሃው ኢዝ ዩር ፋሚሊ?»

ከሸምበቆው ውስጥ አንድ መንጋ ዳክዬ ተነስቶ በረረ። ሰውየው በዝምታ እጁን አነሳ። «ቁጭ በል!» ብዬ ጃኬቱን ጎተትኩት።

«ምን ላድርግ? አየኝ እኮ!» አለ። «ዓይን ለዓይን ተያይተን!»

ተስፋ ቆረጥን። ሶሊ ታብሌቷን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች። ይሄኔ ናታን፣ ማንም ሳያዘው፣ ጡሩምባዋን ነፋ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ለቅሶ። አሁንም ነፋ። ሰማዩ ላይ ነጥቦች ታዩ፤ ዞሩ፤ ዝቅ አሉ። እግራቸውን ዘርግተው ከእነ አቶ ታፈሰ መሀል አረፉ። እውነተኛ ዳክዬዎች! ሶሊ ቦርሳዋን ለቀቀችው። «ዳዲ» አለች በሹክሹክታ፣ «መጡ።»

ያቺን «መጡ» ያለችበትን ፊት ብታዩ! አባቷን ነበር የምታየው፤ ዳክዬዎቹን አይደለም። ጋሽ ዘውዴ ልጆቹ ከኋላው መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ተነሳ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ። እኔ ከጎን ሆኜ አየዋለሁ። ቃታውን ሊስብ ሲል እንደ ፋሲካው በግ ጊዜ ዓይኑን ጭፍን አደረገ።

ተኩሱ ሐይቁን ዞሮት ተመለሰ። እውነተኞቹ ዳክዬዎች አንድም ሳይቀሩ በረሩ። እሱ ግን ዓይኑን ሲገልጥ ያየው አንዲት ቡናማ ዳክዬ በጎኗ ተጋድማ ስትወዛወዝ ነው።

«ወደቀች!» ብሎ ጮኸ። ጠመንጃውን ቆልፎ አስቀመጠ፤ ቢላዋውን መዘዘና ነፍሷ ሳይወጣ ሊደርስላት ውሃ ውስጥ ዘለለ። «በስመ አብ! ወወልድ! ወመንፈስ ቅዱስ!» ያ አውራ ጎዳና የሚሻገረው ድምፅ። ውሃው ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ደረቱ ደረሰ። ማዶ ያለው ሰውዬ ጸሎት መሆኑ ገብቶት ነው መሰለኝ ኮፍያውን አወለቀ፤ የልጁንም አወለቀለት። ጋሽ ዘውዴ ደረሰ። አንገቷን ያዘ፤ ቢላዋውን አስጠጋ፤ አሁንም «አሐዱ አምላክ» አለ። ከዚያ ቆመ።

የያዘው እኔን ነው። ፋንታዬን። ፕላስቲኳን።

ናታን አፉን ከፍቷል። እኔ ያየሁት ሶሊን ነው። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ይቺ ልጅ አሁን «ዳዲ፣ ፕላስቲክ ነው እኮ» ብትል ሰውየው ሬሳ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ሰኞ ትምህርት ቤት የምታወራው ይሄንን ነው፤ ብርድ ልብሱ በስንት ጣዕሙ። «ጌታ ሆይ፣ አንድ ነገር አድርግ» ብዬ ጸለይኩ፤ በጴንጤ አማርኛ፣ ከልቤ።

ጋሽ ዘውዴ ልጆቹን አየ። ዳክዬዋን አየ። እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ ውሃ ነው ያገኘው። ከዚያ ዳክዬዋን በግራ፣ ቢላዋውን በቀኝ እጁ ወደ ሰማይ አነሳና፣

«ዘራፍ!» አለ።

«ዘራፍ የሶሊ አባት፣ ዘራፍ የናቲ አባት፣
ብርድ ልብሱን ጥሎ ባሕር የገባባት!
የማትበላ ገጥማው፣ የማትሞት ገጥማው፣
ባርኮ ይዟት ወጣ፣ ማን ደፍሮ ሊቀማው!»

ከየት አመጣው? ቆጣሪ አንባቢ እኮ ነው! በዚያ ውሃ ውስጥ እየተንጎራደደ፣ ዳክዬዋን እየሰበቀ፣ የፋንታዬ ገዳይ፣ የፋንታዬ ገዳይ እያለ ፎከረ። ውሃው ከጎማ ሱሪው በላይ ገብቶ ሆዱን ነፍቶታል። ሶሊ ጮኸች። ናታን ጡሩምባዋን እስኪያልበው ነፋ። ሁለቱም ውሃው ዳር ድረስ ሮጠው «አጌን፣ ዳዲ! አጌን!» ይሉታል። ማዶ ያለው ሰውዬ ልጅ አጨበጨበ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ በጥይት የተመታሁት እኔ ሆኜ።

ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ቆ-ቆ-ቆሜያለሁ» አለኝ።

በሳምንቱ ሙሉ ደወለችልኝ። «ፋንትዬ፣ ቶሎ ትምህርት ቤት ነይ። አይዲሽን ያዢ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶሊ አዲስ ሥዕል ሥላለች፤ አባቷ ሐይቅ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ቢላዋ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ። ከሥሩ «ዳዲ ፋንታዬን በጠመንጃ መታት፤ ከዚያ ጸለየላት፤ ከዚያ በቢላዋ ሊጨርሳት ሮጠ» ብላ ጽፋለች። አስተማሪዋ ቀስ ብላ «ፋንታዬ ማናት?» ስትላት፣ ልጅቷም የተጠየቀችውን መለሰች፤ «ጎረቤታችን።»

ስደርስ ጋሽ ዘውዴ በትንሽ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን ታቅፎ ተቀምጧል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ አይዲዬን ተቀብላ ስሜን አነበበች፤ ፊቴን አየች፤ አሁንም አነበበች።

«ፋንታዬ አንቺ ነሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አዎ።»

«ደህና ነሽ?»

ጋሽ ዘውዴን አየሁት። የልጅ ወንበር ላይ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል። «ቆሜያለሁ» አልኳት። ዳክዬዋን ከቫኑ አምጥቼ ቀዳዳዎቹን እስካሳያት ድረስ ግን አልለቀቀችንም። ስንወጣ ጋሽ ዘውዴ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ብርድ ልብሱ ተነስቷል። በቦታው አዲሱ ሥዕል ሊለጠፍ ነበር፤ ቢላዋውን በአበባ ቅርጽ በተቆረጠ ወረቀት ሸፍነውት። በቢላዋው ምትክ አበባ የያዘ ይመስላል። ረጅም ጊዜ አየው።

«ጭንቅላት አለኝ» አለ። «አየሽው? ጭንቅላት አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ጠመንጃ አልነካም፤ ለሬይ መለሰለት። ሐይቁን ግን አልተዉትም። በየዓመቱ ወቅቱ ሲደርስ ሦስቱ ዳክዬዎቹን ጭነው ይሄዳሉ። ናታን ይጠራል፤ እውነተኞቹ ይመጣሉ፤ ከእነ አቶ ታፈሰ ጋር ትንሽ ተንሳፍፈው ይሄዳሉ። «ያለ ጠመንጃ ምን አደን አለ?» ስለው «እኛ አንዴ ገድለናል፤ ይበቃናል» ይለኛል። ልጆቹ አደጉ፤ ሶሊ ከአባቷ ቁመት በለጠች። መሄዳቸውን ግን አላቋረጡም።

እንግዲህ በቀብሩ አዳራሽ ሁሉም የየራሱን ተናገረ። አቶ ታፈሰ የሕይወት ታሪኩን አነበቡ፤ ታታሪ ሠራተኛ፣ ትሑት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚለፋ፣ ቀኑን ተኝቶ ጉልበቱን የሚያድስ። ከአጠገቤ ሶሊ ስትርገፈገፍ ተሰማኝ። የአሜሪካ ሳጥን ግማሽ ክዳን ነው፤ ከወገብ በላይ ክፍት፣ ከወገብ በታች ዝግ። ጆሮዬ ውስጥ «ፋንትዬ» አለችኝ፣ «አሁን ደግሞ ጭንቅላቱ አለ፤ እግሩ ነው የጠፋው።» ሳቅ አፈነኝ። ተያይዘን ሳቅን፤ ወዲያው ሳቁ ለቅሶ ሆነ። «እንደዛ ነው እኮ ያየሁት» አለችኝ። «በመጨረሻ ያየሁት ብርድ ልብስ ነው፣ ፋንትዬ። ያንን የድሮ ሥዕሌን መልሼ አገኘሁት።»

ማጽናናት እንደማላውቅ ተናግሬያለሁ። ዳክዬዋን ከጠረጴዛው አንስቼ እጇ ላይ አደረግኩላት።

ሶሊ ዳክዬዋን አየቻት። ተነሳች። ብብቷ ሥር ሸጉጣት ወደ ሳጥኑ ሄዳ ቆመች። ጥቁር ሱሪዋን፣ ቀበቶ ያሰረችበትን፣ ምንም ያልወረደውን፣ በሁለት እጇ ወደ ላይ ሳበች። ሙሉ ይሄን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ዘራፍ!» አለች ሶሊ።

ቄሱ ደነገጡ። አቶ ታፈሰ ወረቀታቸው ከእጃቸው ወደቀ። ልጅቷ አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ይቺን ግን አንድ ፊደል አላጎደለችም።

«ዘራፍ የሶሊ አባት፣ ዘራፍ የናቲ አባት፣
ብርድ ልብሱን ጥሎ ባሕር የገባባት!»

ከኋላ ወንበር ናታን፣ ቁመተ ረጅሙ፣ ከኮቱ ኪስ ያቺን ጡሩምባ አውጥቶ ነፋ። ቀስ ብሎ፣ ያኔ እንደነፋት። ሰው ሁሉ፣ ምኑም ሳይገባው፣ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር።

እኔም፣ የተገደልኩት እኔ፣ ቆሜ እልል አልኩ።